ጥፋተኛው ኮርስ

በየዓመቱ ዩኒቨርሲቲ ሲከፈት ከሐረር የመጡ ተማሪዎች መሥሪያ ቤቴ ድረስ ይመጡና «ኮምፒውተር ላይ ለመሥራት የሚጠቅመው የትኛው ኮርስ ነው?» ብለው ይጠይቁኛል። ፕሮግራም የምትጽፍ ሴት፣ ያውም የጀጎል ልጅ፣ ብዙ ስለማትገኝ ነው እኔን የሚፈልጉት። ጥያቄው ቀላል ነው። እኔ ግን መልስ ከመስጠቴ በፊት ጠያቂውን እመረምራለሁ። ማን ላከህ? ለምን ፈለግኸው? ቤትህ ያውቃሉ? ልጆቹ ይደነግጣሉ። ምን ላድርግ፣ አመሌ ነው፤ ያሳደጉኝ ሰው ሰላምታ እንኳ ሳይመረምሩ አይቀበሉም ነበር።

እኚህ ሰው አባቴ ዐብዱልሐሚድ ናቸው። በቤታችን ቋንቋ አባትን «አው» እንላለን፤ እኔም አው ብዬ ነው የምጠራቸው። ከገበያው ከጊደር መጋላ ጀርባ ባለችው ቤታችን ተቀምጠው ቁርኣንና አሮጌ ኪታብ ይጠርዙ ነበር። በእጅ የተጻፈ የጥንት ኪታብ የገጽ ቁጥር የለውም። በምትኩ በየገጹ ግርጌ የሚቀጥለው ገጽ የመጀመሪያ ቃል ለብቻዋ ትጻፋለች። ቅጠሎቹ ተበታትነው ሲመጡ ጠራዡ የአንዱን ግርጌ ከሌላው ራስ ጋር እያገናኘ ይደረድራቸዋል። አባቴ በዚህ ሥራ ጥርሳቸውን ነቅለውበታል። የገጹን መካከል ግን አያነቡም። «መካከሉ የባለቤቱ ነው» ይላሉ። የመጣላቸውን ኪታብ ሁሉ «ቅጠል ጎድሎታል» ብለው ነው የሚጀምሩት፤ ሙሉ ሆኖ ካገኙትም ለምን ሙሉ እንደሆነ ይጠረጥራሉ።

ከሥራ ሲነሱ ደግሞ ወደ ሰው ይዞራሉ። ወተት የምታመጣልንን ሐዋን ውሃ ትቀላቅላለች ብለው ይጠረጥሯታል፤ ክር ሻጩን አሮጌ ክር ቀለም ነክሮ ይሸጣል ብለው ይጠረጥሩታል። «ያልጠረጠረ ተመነጠረ» የሚለውን የአማርኛ ተረት ከመውደዳቸው የተነሳ በራሳችን ቋንቋ እያወሩ እንኳ ተረቷን በአማርኛ ጣል ያደርጓታል። እናቴ ዘቢባ ትስቃለች፤ እኛም እንስቃለን። እስከ 1970 ድረስ የአባቴ ጥርጣሬ የቤታችን መሳቂያ ነበር።

ታላቅ ወንድሜ ዓብዱላሂ በ1966 ዩኒቨርሲቲ ገባ። ለክረምት እረፍት ሲመጣ አንድ ቀን አባቴ እንደ ልማዳቸው ሐዋን ሲያሙ ሰማና ጣልቃ ገባ። «አው፣ ውሃ የተቀላቀለበት ወተት ሁሉ ይቀጥናል። ይህ ወተት አልቀጠነም። ስለዚህ ውሃ አልተቀላቀለበትም» አላቸው። አባቴ ወተቱን አዩ፣ ልጃቸውን አዩ። «ይህን ማን አስተማረህ?» ቢሉት «ሎጂክ የሚባል ኮርስ ነው» አለ። እናቴ ከሳቋ ብዛት እንባዋ ወረደ። አባቴ ግን አልሳቁም። ያቺን ቃል በልባቸው ያዟት።

ከዚያ የዕድገት በኅብረት ዘመቻ መጣና ዓብዱላሂ ሁለት ዓመት ገጠር ከረመ። በ1968 መጨረሻ በደህና ተመልሶ ጥቂት ወራት ቤት ተቀመጠ፤ በ1969 ዩኒቨርሲቲው ሲከፈት ሄደ። በ1970 የካቲት ላይ ከማደሪያው ወጣ፣ በዚያው ቀረ። ሬሳ አልተሰጠንም። ለቅሶ መቀመጥ ራሱ የሚያስጠረጥር ስለነበር የሠርግና የሐዘን ማኅበራችን፣ አፎቻው፣ ድምፁን አጥፍቶ ሁለት ሁለት እየሆነ ገብቶ ወጣ። አብሮት ይማር የነበረ ልጅ አንድ ሻንጣ ላከልን። ሻንጣው ውስጥ ልብስና የመጀመሪያ ዓመት የውጤት ወረቀቱ ነበሩ። ልብሱን እናቴ ወሰደች፤ ወረቀቱን አባቴ ወሰዱ።

ወረቀቱ ላይ አሥር ኮርሶች ነበሩ። አባቴ ከእነዚህ አንዱ ልጄን ገድሎታል ብለው አመኑ። ደህና ልጅ ነበር፣ ተማረ፣ ሞተ፤ እንግዲህ ከተማረው ውስጥ መርዝ ነበረበት። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ ለራሳቸው አንድ ዘዴ አበጁ። እንግሊዝኛ ስለማያነቡ የኮርሶቹን ስም አንድ በአንድ አስነበቡ። ከዚያ ያንኑ ኮርስ ተምሮ በሕይወት ያለ ሰው ሐረር ውስጥ ይፈልጋሉ። ካገኙ ኮርሱ ንጹሕ ነው፣ ይሰረዛል። አማርኛን ፖስታ ቤት ያለው ሽፈራው ተምሮታል፣ ሽፈራው በሕይወት አለ፣ አማርኛ ተሰረዘ። ባዮሎጂን መድኃኒት ቤት ያለችው ልጅ ተምራዋለች፣ እሷም አለች፣ ባዮሎጂ ተሰረዘ። እንዲህ እያሉ ከቢሮ ቢሮ ዞሩ። ሰዎች ያዝኑላቸው ነበር፤ ይፈሯቸውም ነበር። በዚያ ዘመን ወረቀት ይዞ «አንተ ምን ተምረሃል?» እያለ የሚዞር ሽማግሌ ማን ልኮት እንደሆነ አይታወቅማ።

በ1971 ዘጠኙ ኮርሶች ተሰርዘው አንድ ቀረ፤ ሎጂክ። ስለ እሱ በመጨረሻ የጠየቁት ዓብዱላሂን ሁለተኛ ደረጃ ያስተማሩትን የሒሳብ መምህር አቶ ኃይለመስቀልን ነበር። ትምህርት ቤት በር ላይ ጠብቀው «ሎጂክ፣ የፍልስፍና ክፍሉን፣ ተምረዋል?» አሏቸው። መምህሩ «እኔ? ኧረ በጭራሽ!» ብለው መንገዳቸውን ቀጠሉ። በቃ። ሎጂክ የተማረ ሰው በሐረር ምድር በሕይወት አልተገኘም። አባቴ ጥፋተኛውን አገኙ፤ ወረቀቱንም አጥፈው በኪስ ቁርኣናቸው ሽፋን ውስጥ አስቀመጡት።

እኔ በ1974 ዩኒቨርሲቲ ሲደርሰኝ ቤታችን ደስታና ድንጋጤ አንድ ላይ ገቡ። እባብ ያየ በልጥ በረየ ነውና አባቴ ሦስት ቀን አላናገሩኝም። በአራተኛው ቀን ጠሩኝና «ሰዐዲያ፣ ትሄጃለሽ። ግን ሒሳብ ብቻ። ሁለት ሰው የማይከራከርበትን ትምህርት ብቻ። በየጊዜው ኮርሶችሽን በአማርኛ ጽፈሽ ትልኪልኛለሽ፤ እኔ እሺ ካላልኩ አትመዘገቢም» አሉ። እሺ አልኩ። ለመሄድ ስል ምንም እሺ እል ነበር።

ዝርዝሩን ስልክላቸው ማርክሲዝም ሌኒኒዝም ውስጡ ነበር፤ ለሁሉም ግዴታ ነው። ያቺ ቀን ጉድ ይፈላል ብዬ ስጠብቅ አባቴ በሰው እጅ «እሱ ግድ የለም። በትእዛዝ የሚማሩት ነገር ጭንቅላት ውስጥ አይገባም» የሚል መልስ ላኩ። ሰውዬው ሞኝ አልነበሩም።

በሁለተኛው ዓመት መግቢያ ላይ ኮምፒውተሩን አየሁት። በመስታወት በተከለለ ክፍል ውስጥ ነበር። ተማሪው ትእዛዙን በካርድ ላይ እየበሳ ያስረክባል፤ በማግሥቱ ረጅም ወረቀት ይሰጡታል። ስህተት ካለ ማሽኑ በስንተኛው ካርድ ላይ እንደሆነ ይናገራል። እዚያ መስታወት ጋ ቆሜ ቀረሁ። ስህተቱ የት እንደሆነ ሳይታወቅ አራት ዓመት ከኖረ ቤት ነው የመጣሁት። ይህን ነገር መማር አለብኝ አልኩ። ኮርሱ ግን የሚቀበለው አሥራ ሁለት ተማሪ ብቻ ነው፤ እሱንም ለመማር አስቀድሞ መወሰድ ያለበት ኮርስ አለ። አስተማሪው ጥቁር ሰሌዳ ላይ ጻፈው፤ ሎጂክ።

ዋሸሁ። ለአባቴ በላክሁት ዝርዝር ላይ በሎጂክ ፋንታ «ተጨማሪ ሒሳብ» ብዬ ጻፍኩ። ስጽፍ አንዴም አላመነታሁም፤ እስከ ዛሬ የሚያሳፍረኝ ይኸው ነው። ኮርሱንም ወደድኩት። ብዙዎቹ ኮርሶች እንዴት እንደሚሰላ ያስተምሩሃል። ይኼኛው ግን «ይህ ከዚያ ይከተላል ወይስ የተከተለ መስሎህ ነው?» ብሎ ይጠይቅሃል። በጥር መጨረሻ ቢ አገኘሁና የኮምፒውተሩን ኮርስ ለሁለተኛው መንፈቅ ፈቀዱልኝ። በየካቲት እረፍት የውጤት ወረቀቴን ይዤ ሐረር መጣሁ። በአሥር ቀን ውስጥ ተመልሼ ካልተመዘገብኩ ቦታዬ ለሌላ ይሰጣል።

አባቴ እንግሊዝኛ አያነቡም ብዬ ወረቀቱን በድፍረት ሰጠኋቸው። እሳቸው ግን ቅጠል ከቅጠል ሲያገጣጥሙ የኖሩ ሰው ናቸው። መነጽራቸውን አደረጉ፤ ከኪስ ቁርኣናቸው ሽፋን የወንድሜን ወረቀት አወጡና ከእኔው ጎን ዘረጉት። ጣታቸው ከላይ ወደ ታች ወረደ፣ የፍልስፍና ክፍሉ መለያ «P» ላይ ቆመ። «ይቺን አንድ እግር ያላትን ሆዳም ፊደል አውቃታለሁ። ቁጥሩም ያው ነው» አሉ። ቀና ብለው አዩኝ። «ተጨማሪ ሒሳብ?»

እናቴ ከጓዳ ወጥታ ቆመች። አባቴ አልጮሁም። ሁለቱንም ወረቀት አጥፈው ኪሳቸው ከተቱና «አትመለሺም» አሉ። «አንድ ልጅ በእውነት ሄዶ ሞተብኝ። አንቺ ደግሞ በውሸት ሄድሽ።»

በማግሥቱ ሸኽ ዓሊዪ ዘንድ ሄዱ። እኔንም አስከተሉኝ፤ ከዓይናቸው እንድርቅ አልፈለጉም። ሸኽ ዓሊዪ ኪታብ የሚያስቀሩ፣ የሚያስተምሩ፣ ሽማግሌ ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ሳቁ።

«ዐብዱልሐሚድ፣ ይህ እኮ በዐረብኛ ዒልመል መንጢቅ የምንለው ነው። የኛ ዑለማዎች ሲቀሩት ስንት መቶ ዓመታቸው! እኔ ራሴ ቀርቼዋለሁ። ኪታቡን ሁለት ጊዜ የጠረዝክልኝ አንተ አይደለህም?»

አባቴ ደነገጡ። «ወላሂ ሸኽ፣ ውስጡን አላየሁም። እኔ የማየው የገጹን ግርጌና የሚቀጥለውን ራስ ነው። እንዲያው ሐላል ነው ወይስ ሐራም?»

ሸኹ ጢማቸውን ዳሰሱ። «ከዑለማዎቹ አንዳንዱ መንጢቅ የተማረ ዚንዲቅ ይሆናል፣ ከዲን ይወጣል ብሏል። አንዳንዱ ደግሞ መንጢቅ ያልተማረ ሰው ዒልሙ፣ ዕውቀቱ፣ አይታመንም ብሏል።»

«እርስዎስ ምን ይላሉ?»

«እኔማ ተምሬ እዚሁ አለሁ፣ አልሐምዱሊላህ።»

ሌላ ሰው ቢሆን በዚህ ይጽናና ነበር። አባቴ ግን በአንድ ጥርጣሬ ሄደው በሁለት ጥርጣሬ ተመለሱ። መንገድ ላይ «የሸኹ የዐረብኛ ነው፤ ያንተኛው የእንግሊዝኛው ሊለይ ይችላል» እያሉ ከራሳቸው ጋር ይሟገታሉ። «ያንተኛው» ያሉት እኔን አይደለም። ከዓብዱላሂ ጋር ነበር የሚያወሩት። እኔ ደግሞ ለምዝገባው ዘጠኝ ቀን ነው የቀረኝ።

ያኔ ነው የያዝኩትን ያወጣሁት። «አው፣ ይህን ኮርስ ካገኘሽ ውሰጂ ብለው የመከሩኝ አቶ ኃይለመስቀል ናቸው። አሥራ ሁለተኛ ክፍል እያለሁ። እሳቸው ተምረውታል።»

ቀጥ ብለው ቆሙ። «አልተማርኩም ብሎኛል። በአፉ።»

«እንግዲያው ሄደን እንጠይቃቸው።»

በሸዋ በር ወጥተን ከግንቡ ውጭ ወደሚገኘው ቤታቸው ሄድን። አቶ ኃይለመስቀል በሩን ከፍተው አባቴን ሲያዩ ፊታቸው ተለዋወጠ። አባቴ ወረቀቱን ዘረጉ። «መምህር፣ የዛሬ አራት ዓመት የጠየቅሁዎትን ዛሬም ልጠይቅ። ይህን ተምረዋል?»

መምህሩ መጀመሪያ ወረቀቱን ሳይሆን መንገዱን ግራና ቀኝ አዩ። ከዚያ አስገቡንና በሩን ዘጉ። «ተምሬዋለሁ» አሉ። «ኤ ነበር ያገኘሁት።»

«ታዲያ ለምን ዋሹኝ?»

«ይቅርታ ያድርጉልኝ። በ1971 ትምህርት ቤት በር ላይ አንድ ሰው ወረቀት ይዞ ፍልስፍና ተምረሃል ወይ ሲለኝ ምን ልበል? ልጁ የሞተበት አባት ነው የሚል ሐሳብ አልመጣልኝም። ሰዎች የላኩዎት መስሎኝ ነው።»

የተጠራጠረ ሰው የተጠራጠረውን ጠይቆ፣ የፈራ ሰው ዋሽቶት፣ ያ ውሸት አራት ዓመት ሙሉ እውነት ሆኖ አባቴ ኪስ ውስጥ ተቀምጧል። እርሳስ ለመኑና እዚያው ቆመው በእጃቸው አሥረኛውን ኮርስ ሰረዙ። ለመምህሩም «አላህ ይስጥዎ» ብለው ወጡ።

እኔ ደስ ብሎኛል። ልደብቀው አልችልም፤ ማሸነፌ ነበር የታየኝ። ቤት ደርሰን አባቴ ነደባው ላይ፣ ከፍ ባለው የቤታችን መደብ ላይ እንደተቀመጡ ዝም ማለት አቃተኝ። እናቴ ውሃ ይዛ ቆማለች።

«እንግዲህ አው፣ አሥሩም ንጹሕ ናቸው። ኮርስ አይደለም የገደለው። ልመለስ።»

አባቴ ፊታቸውን ወደ በሩ አዞሩ።

«ደግሞስ ሎጂክን የተማረው በ1966 ነው። የጠፋው በ1970። በመካከሉ ዘመቻ ሄዶ በደህና መጣ። እዚህ ቤት፣ እርስዎ አጠገብ ወራት ተቀመጠ። እዚህ እያለ ማንም አልነካውም። እንግዲህ መጠየቅ ያለበት ምን ተማረ አይደለም። ከዚህ ቤት አውጥቶ እዚያ የወሰደው ምንድን ነው?»

እናቴ «ሰዐዲያ፣ ተዪ» አለች። ድምፅዋ ልመና ነበረው። እሷ መልሱን ታውቅ ነበር፤ እኔ አላውቅም። ዓብዱላሂ ሲሄድ የአሥራ ሁለት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ እሱና አባቴ የተነጋገሩትን ማንም አልነገረኝም። ብተወው ኖሮ። ግን የተማርኩት አለመተውን ነበር፤ ነገርን ከሥሩ ውሃን ከጥሩ አልኩና «ምንድን ነው የወሰደው?» ብዬ ደገምኩ።

«እኔ» አሉ አባቴ።

እናቴ ውሃውን አስቀመጠች።

«አልሄድም ብሎኝ ነበር። አው፣ እዚያ ጥሩ አይደለም፣ ከእርስዎ ጋር ልጠርዝ አለኝ። ሦስት ወር መርፌ ይዞ አጠገቤ ተቀመጠ። እኔ ጠረጠርኩት። ስንፍና ነው አልኩ። ሴት ልጅ አይቶ ነው አልኩ። ሰው ለሁሉ ነገር ምክንያት አለው ብዬ እውነተኛውን ብቻ ሳልጠረጥር ቀረሁ። ጀመርከው ጨርሰው፣ ሂድ አልኩት።» እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አድርገው ወደ በሩ ይመለከቱ ነበር። «ሂድ አልኩት፤ ሄደ።»

ያን ቀን ያፈርኩትን ያህል አፍሬ አላውቅም። ያ ሁሉ ፍለጋቸው ልጃቸውን የገደለውን ለማግኘት መስሎኝ ነበር። ለካ ሌላ ሰው፣ ሌላ ነገር፣ ምንም ይሁን ምን፣ ከእሳቸው ሌላ የሆነ ጥፋተኛ እየለመኑ ነበር የዞሩት። አሥር ኮርስ ነበራቸው መደበቂያ፤ የመጨረሻውን ከእጃቸው የነጠቅሁት እኔ ነኝ። እግራቸው ሥር ተቀምጬ አለቀስኩ፤ እሳቸው አላለቀሱም።

ከዚያ በኋላ ጉዳዩ አንድ ቀን እንኳ አልተነሳም። ቀኑ ግን እየሄደ ነው። በስምንተኛው ቀን ማታ፣ የምዝገባው ቀን ሊያልፍ ሲል፣ ፈራ ተባ እያልኩ «አው፣ ነገ አውቶቡስ አለ» አልኳቸው። «ልሂድ ወይስ ልቅር?»

«አትሂጂ አልልሽም» አሉ። «ሂጂም አልልሽም። እሷን ቃል እኔ ጨርሻታለሁ። አንቺው እወቂ።»

ጠዋት እናቴ ሻንጣዬን አንድ ጫፍ ይዛልኝ እስከ በሩ መጣች። በእኛ ቤት መንገደኛ ያለ አባት ዱዓ አይወጣም። አባቴ የጠረዙትን ቁርኣን አስቀምጠው ተነሱ፤ መዳፋቸውን ዘርግተው ረጅም ዱዓ አደረጉ፤ እኔና እናቴ አሚን አልን። ዱዓው ሲያልቅ አባት «ሂጂ፣ አላህ ይከተልሽ» ይላል፤ ልጅ እጅ ስማ ትወጣለች። እጃቸውን ስሜ ጠበቅሁ። አባቴ አፋቸውን ከፈቱ፤ «አላህ ይከተልሽ» አሉና ቆሙ። ሌላዋን ቃል እየጠበቅሁ ትንሽ ቆየሁ። አልመጣችም። ሻንጣውን አንስቼ ወጣሁ፤ ካርድ በሚበሳበት ክፍል ቦታዬን አገኘሁ፤ ሥራዬም እሱው ሆኖ ቀረ።

አባቴ እስከ ሞቱበት እስከ 1981 ድረስ በየዓመቱ ወደ ሐረር ተመላልሻለሁ። ከአውቶቡስ ወርጄ ቤት ስገባ ያዩኝና «መጣሽ?» ይሉኛል፤ መምጣቴንም እየተጠራጠሩ እጄን ይዘው ይቆያሉ። ስመለስ ዱዓውን አድርገው «አላህ ይከተልሽ» ይላሉ። ሂጂ ብለውኝ አያውቁም። ሰባት ዓመት ሙሉ፣ በእያንዳንዷ ጠዋት፣ በራሴ እግር፣ ማንም ሂጂ ሳይለኝ ወጣሁ።